ከጠረጴዛው ማዶ የነበሩ ሰዎች

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቀበሌ ግቢ ውስጥ አንዲት የንባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ የጭቃ፣ ጣራዋ የቆርቆሮ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በክፍሏ ውስጥ ያለው አንባቢ ሁሉ አንድ ጊዜ ቀና ይልና ተመልሶ ያቀረቅራል። በበሩ አጠገብ፣ ከአንዲት ያረጀች ጠረጴዛ ኋላ፣ በጋ ከክረምት ካፖርት የማይለያቸው አንድ ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር። እኛ ልጆች «ጋሼ» እንላቸዋለን እንጂ ስማቸውን አናውቅም። የእኛን ስም ግን እርሳቸው በትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፤ መጽሐፍ ስንመልስ ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጠው ያያሉ፤ የተቀደደ ካገኙ ከመሳቢያቸው ሙጫ አውጥተው እያጉረመረሙ ይለጥፋሉ።

አንድ ቀን የፈለግሁትን መጽሐፍ አጥቼ ልወጣ ስል ጠሩኝና «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይመልሱልኝ በመዝገቡ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በበሩ በኩል ሳልፍ በእጃቸው ጠቀሱኝ፤ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኋቸውም፤ እርሳቸውም አልነገሩኝም።

ያን መጽሐፍ የጻፈውን ደራሲ ስም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። መጽሐፉን ፈልገው ያመጡልኝን ሰው ስም ግን አላውቀውም። ለብዙ ዓመታት ይህ ነገር ምንም ሆኖ አልተሰማኝም ነበር፤ የተሰማኝ በሩቅ አገር ስለሚገኝ ስለ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው በኒው ዮርክ ከተማ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መናኸሪያ በሆነው በሐርለም፣ በ135ኛው ጎዳና ላይ ነው። ከዚያ የወጡ ገጣሚያንና ደራስያን በዓለም ታውቀዋል። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ እነርሱ ሳይሆን ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው መጻሕፍቱን ስለ ሰጧቸው ሰዎች ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

*

በ1901 ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ለኒው ዮርክ ከተማ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ የሚሆን 5.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚህ ገንዘብ ከቆሙት ሕንጻዎች አንዱ በ1905 በ135ኛው ጎዳና፣ በሌኖክስ አቬኑ አቅራቢያ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ነጭ ነበር፤ ከመካከላቸውም አይሁዳውያን ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች መድልዎንና ያለ ፍርድ ስቅላትን ሸሽተው፣ ከካሪቢያን ደሴቶችም እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው የመጡ ጥቁሮች ሐርለምን ይሞሏት ጀመር። 1920 ሲደርስ በቤተ መጻሕፍቱ ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነበር። ሰፈሩ ተለወጠ፤ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ግን እንደ ነበረ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጠውም ሰው እንዲሁ።

በዚያው በ1920 ኧርነስቲን ሮዝ የምትባል ነጭ ሴት የቅርንጫፉ ኃላፊ ሆና መጣች። ሮዝ ከዚያ ቀደም ብሎ በማንሃታን ደቡባዊ ምሥራቅ በሚገኘው በሲወርድ ፓርክ ቤተ መጻሕፍት ከምሥራቅ አውሮፓ ፈልሰው በመጡ አይሁዳውያን መካከል ሠርታለች፤ በ1917ም ስለዚሁ ሥራዋ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትማ ነበር። ስደተኛ በተከማቸበት ሰፈር መሥራቷ አንድ ነገር አስተምሯታል፦ አንባቢው ገብቶ ከጠረጴዛው ማዶ የራሱን መልክና የራሱን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ካላየ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሐርለም እንደ ደረሰች የመጀመሪያ ሥራዋ ያደረገችው ጥቁር ሠራተኞችን መቅጠር ነው። ዛሬ ለእኛ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን በዚያ ሰፊ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ድርጅት ውስጥ በሙያው የተቀጠረ አንድም ጥቁር ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዋ ካትሪን ላቲመር ነበረች። በቴኔሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ በ1896 ተወለደች፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ በቱስኪጊ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሠርታ፣ በ1920 ወደ ሐርለም መጣች። ይህችን ሴት ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣት ያለ ምክንያት አይደለም። ላቲመር በየቀኑ የሚወጡትን ጋዜጦችና መጽሔቶች በመቀስ ትቆርጥ ነበር። ስለ ጥቁር ሕዝብ የተጻፈ ዜና፣ የአንድ ዘፋኝ ሞት፣ የአንድ ትምህርት ቤት መከፈት፣ የአንድ ሰው ስቅላት፣ የአንድ ገጣሚ አዲስ ግጥም፣ ሁሉንም እየቆረጠች በየርእሱ ታስቀምጠዋለች። የዕለት ጋዜጣ ዕጣው ሥጋና ስኳር መጠቅለያ መሆን ነው፤ እርሷ ግን ነገ አንድ ሰው መጥቶ ይህን እንደሚጠይቅ አስቀድማ ታውቅ ነበር። ይህ የቁራጮች ክምችት ከእርሷ በኋላም በሌሎች እጅ ማደጉን ቀጠለ፤ ከ1925 እስከ 1974 ያለው ክፍል በማይክሮፊሽ ተባዝቶ ዛሬ የጥቁር ሕዝብን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ሳያየው የማያልፈው ምንጭ ሆኗል። በመቀስ የተጀመረ ሥራ መሆኑን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛዋ ከፖርቶ ሪኮ የመጣች ፑራ ቤልፕሬ ነበረች። ወደ ኒው ዮርክ የመጣችው ለእኅቷ ሠርግ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች እየበዙ መሆናቸውን ያየችው ሮዝ በ1921 ቀጠረቻትና በዚያው ቀረች። ቤልፕሬ በሕጻናቱ ክፍል መደርደሪያ ላይ የየአገሩን ተረት አገላብጣ ስታይ አያቷ የነገሯት የፖርቶ ሪኮ ተረት አንድም እንኳ አጣች። እኛም አገር እንደሚባለው ተረት የአያት ርስት ነው፤ ርስቷን ከመደርደሪያው ስታጣ ራሷ ልትተርከው ተነሣች። በረሮዋ ማርቲና እና አይጡ ፔሬዝ የሚጋቡበትን ተረት ለልጆች ስታወራ ቆይታ በ1932 መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። ከዚያም በሌሎች ቅርንጫፎች እየተዘዋወረች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ተረት ስትነግር ኖረች። ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ለላቲኖ ልጆች ለሚጻፉ መጻሕፍት የሚሰጠው ሽልማት በስሟ ይጠራል።

ሦስተኛዋን ሥነ ጽሑፍ የሚወድ አንባቢ ሳያውቃት አይቀርም፤ ኔላ ላርሰን ናት። ስመ ጥር ደራሲ ከመሆኗ በፊት ላርሰን ነርስ ነበረች፤ በ1921 በዚያ ቤተ መጻሕፍት የጥቁር ሠዓልያን ሥራ ለትርኢት ሲቀርብ በፈቃደኝነት ልታግዝ መጣች። ከዚያ በሙያው ትምህርት ቤት ገብታ በ1923 ተመረቀች፤ በሲወርድ ፓርክ ሠርታ ተመልሳም በ135ኛው ጎዳና የሕጻናት ክፍል ኃላፊ ሆነች። በ1928 እና በ1929 ሁለቱን ልብ ወለዶቿን ያሳተመችው ሥራውን ከተወች በኋላ ነው። በኋላ ወደ ነርስነቷ ተመልሳ በዝምታ ኖራ ዐረፈች። ልጆች በየቀኑ መጽሐፍ እያወረዱ የሚበታትኑበትን መደርደሪያ መልሶ መደርደር ለአንድ ደራሲ ምን እንደሚያስተምር እርሷ ብቻ ታውቃለች።

*

አሁን ወደ አንዲት ወጣት ልውሰዳችሁ። በ1923 ሬጂና አንደርሰን ከቺካጎ መጥታ ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ስታመለክት በቅጹ ላይ ዘሯን የሚጠይቅ ክፍት ቦታ አገኘች። «አሜሪካዊት» ብላ ጻፈች። የተቀበላት ሰው ግን፣ ራሷ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ተረከችው፣ በመልኳ ምክንያት አሜሪካዊት እንዳልሆነች ነገራትና ወደ ሐርለም ላካት። በዚያ ዘመን ለጥቁር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በአብዛኛው የሚከፈትለት በር የሐርለም በር ነበር።

አንደርሰን የተሰጣትን በር በሰፊው ከፈተችው። ለመጻፍ ጸጥታ ላጡ ወጣቶች በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቦታ ታመቻችላቸው ነበር። ከሁለት ሴት ጓደኞቿ ጋር የምትኖርበት ቤት የገጣሚያንና የሠዓልያን መሰብሰቢያ ሆነ። በመጋቢት 1924 የሐርለም ወጣት ደራስያን ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር የተዋወቁበት፣ ዛሬ የሐርለም ህዳሴ ለሚባለው ዘመን እንደ መነሻ የሚቆጠረው የእራት ግብዣ ሲዘጋጅ እጇ ነበረበት። በ1926 ደግሞ ዱ ቦይስ ያቋቋመው የቲያትር ቡድን ተውኔቶቹን ያሳየው በዚያው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። አንደርሰን ራሷ በብዕር ስም ተውኔት ትጽፍ ነበር፤ ከተውኔቶቿም አንዱ ስለ ስቅላት የሚናገር ነው። ቀን መጽሐፍ ስታውስ ትውልና ማታ ምድር ቤት ወርዳ መድረክ ታዘጋጃለች።

እድገቷ ግን ዘገየ። ከእርሷ በኋላ የመጡ ነጮች ሲያልፏት እያየች ቆየች፤ ዱ ቦይስም ስለ እርሷና ስለ ሌሎቹ ጥቁር ሠራተኞች ጉዳይ ለኃላፊዎቹ በደብዳቤ አቤቱታ አቀረበ። በመጨረሻ በ1938 ሬጂና አንደርሰን (በጋብቻ ስሟ አንድሩስ) በኒው ዮርክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ቅርንጫፍ በኃላፊነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ለመቀጠር የሞላችው ቅጽ 15 ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሮዝን ያመሰገንኋትን ያህል ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ የሚያስቀጥረውና የሚያሳድገው በር አንድ አይደለም። የ135ኛው ጎዳና ቅርንጫፍ የበላይ ወንበርም እስከ 1942 ድረስ የሮዝ ነበር።

*

የአንባቢ ብዛት ለቤተ መጻሕፍት ደስታም መከራም ነው። 1924 ሲደርስ ስለ ጥቁር ሕዝብ የተጻፉት ጥቂት መጻሕፍት በሐርለም እጅ ለእጅ ሲዞሩ ጀርባቸው ይገነጠል፣ ገጻቸው ይበጣጠስ ጀመር። ብዙዎቹ ዳግመኛ የማይታተሙ ስለ ነበሩ የተቀደደው በሌላ የሚተካ አልነበረም። ሮዝ የሰፈሩን ታላላቆች ሰብስባ ችግሩን ነገረቻቸው። ከስብሰባው የተመረጡት ገጣሚው ጄምስ ዌልደን ጆንሰን፣ ተናጋሪው ሁበርት ሃሪሰን፣ የቤትና የቦታ ነጋዴው ጆን ኔል እና ሊቀ መንበር የሆነው አርቱሮ ሾምበርግ ነበሩ። መፍትሔው እንዲህ ሆነ፦ ብርቅ የሆኑት መጻሕፍት ከውሰት ወጥተው በሦስተኛው ፎቅ ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ማንም ገብቶ ያንብባቸው፣ ማንም ይዟቸው አይውጣ። ይህ ክፍል በ1925 ተከፈተ፤ ጠባቂዋም ካትሪን ላቲመር ሆነች።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የቀበሌያችን ጋሼና የሙጫ ጠርሙሳቸው ትዝ አሉኝ። በዓለም ላይ ካሉት የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ማኅደሮች ታላቁ የተወለደው፣ ብዙ ከመነበባቸው የተነሣ የተቀደዱ መጻሕፍትን ለማዳን ነበር።

የሾምበርግን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። በ1874 በፖርቶ ሪኮ ተወለደ፤ በልጅነቱ አንድ አስተማሪ «ጥቁር ሰው ታሪክ የለውም» ስላለው ያንን ቃል ሐሰተኛ ለማድረግ ዕድሜውን ሰጠ ይባላል። በ1891 ወደ ኒው ዮርክ መጥቶ ከ1906 እስከ 1929 በአንድ ባንክ የፖስታ ክፍል ሠራ። ከደመወዙ እየቆጠበ መጽሐፍ፣ የእጅ ጽሑፍና የኅትመት ሥዕል ይገዛ ነበር፤ ቤቱ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ሰበሰበ። በ1926 የካርኔጊ ኮርፖሬሽን 10,000 ዶላር ከፍሎ ስብስቡን ለ135ኛው ጎዳና ቤተ መጻሕፍት ገዛለት። ከ5,000 በላይ መጻሕፍት፣ 3,000 የእጅ ጽሑፎች፣ 2,000 የኅትመት ሥዕሎች እንደ ነበሩበት ተመዝግቧል። ሾምበርግ በተከፈለው ገንዘብ ምን እንዳደረገበት ብትጠይቁኝ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ ስፔን ሄደና በሴቪል መዛግብት ውስጥ ሌላ ታሪክ ይፈልግ ጀመር።

በ1932 የራሱ ስብስብ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረና እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ሰኔ 1938፣ በዚያ ሠራ። ይህ ሹመት የሚገባው መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ሆኖም ክፍሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የያዘችው ላቲመር ከዚያ ወዲያ ከእርሱ ሥር ሆነች። ዛሬ ቤቱ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። የላቲመር ስም በየመጻሕፍቱ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ሰብሳቢ ስሙ ይተርፋል፤ የሰበሰበውን በየቀኑ እያወጣ የሚሰጥ ግን ስሙ ከዕለቱ ጋር ያልፋል።

ሾምበርግ መጻሕፍቱን በቀለማቸውና በቁመታቸው ይደረድራቸው እንደ ነበር የነገረችን ጂን ብላክዌል ሃትሰን ናት። በ1936 ወጣት ሠራተኛ ሆና ስትመጣ መጻሕፍቱን በሙያዋ ደንብ በቁጥር ትደረድራቸው ጀመረች። አንድ ቀን ሾምበርግ ገብቶ መደርደሪያውን አየና ተቆጣ፤ እርሷንም ከዚያ አስወጣት። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እርሱ እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደ ልጁ ፊቱን አይቶ ያውቀዋል፤ እርሷ ግን እርሱ ሲሞት ማን ያገኘዋል ብላ ታስባለች። ከሞተም በኋላ በ1948 ያው ስብስብ በእርሷ እጅ ገባ፤ እስከ 1980 ድረስም ጠበቀችው። ሕንጻው አርጅቶ ያፈስስ ስለ ነበር ከባለሥልጣን ባለሥልጣን እየሄደች ገንዘብ ለመነች፤ በ1980 አዲሱ ሕንጻ ተከፈተ። አሁን የሾምበርግ የጥቁር ባህል ምርምር ማዕከል ተብሎ ይጠራል።

በልጆቹ ክፍል ደግሞ በ1937 ኦገስታ ቤከር ተቀጠረች። መጻሕፍቱን ስታነብ ጥቁር ልጅ የሚታየው መሳቂያ ሆኖ፣ አፉ ተጣሞ፣ ቋንቋው ተበላሽቶ ነበር። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሰፈሯ ልጆች ራሳቸውን ቢፈልጉ የሚያገኙት ስድብ መሆኑን ስታይ ከ1939 ጀምሮ ጥቁር ልጅ እንደ ሰው ልጅ የተጻፈባቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ለቅማ ለብቻቸው ሰበሰበች። ለደራስያንና ለአሳታሚዎች ስለዚሁ ጉዳይ እየጻፈች ወተወተች። በ1961 የመላው ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሕጻናት አገልግሎት ኃላፊ ሆነች። በእነዚያ ዓመታት ጄምስ ባልድዊን የተባለ አንድ የድኃ ልጅ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለሰ ያገኘውን ሁሉ ያነብ ነበር። ታላቅ ጸሐፊ ከሆነ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን አልረሳም።

ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝም እንዲሁ። በ1921 ወጣት ሆኖ ሐርለም ሲደርስ ፈጥኖ ከጎበኛቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ከ40 ዓመት በኋላ ስለዚያ ዘመን ትዝታውን ሲጽፍ ሮዝንና ላቲመርን በስም ጠርቶ አመስግኗል። በ1991 ዐፅሙ ተቃጥሎ የቀረው ዐመድ በዚያው ማዕከል መግቢያ አዳራሽ ወለል ሥር ዐረፈ። የሐርለም ልጆች ዛሬ በዚያ ወለል ላይ ተራምደው ወደ ንባብ ይገባሉ።

*

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግዲህ ልመልስ።

በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወርር ከማንም ቀድማ የጮኸችልን አንዷ ሐርለም ነበረች። ሕዝቡ በአደባባይ ወጣ፤ ገንዘብ አዋጣ፤ ለመዝመት የተመዘገበም ብዙ ነበር። የጥቁሮቹ ጋዜጦች የፊት ገጻቸውን ለኢትዮጵያ ሰጡ፤ የሐርለሙ የታሪክ ጸሐፊ ጆኤል ሮጀርስም ለአንድ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ እስከ ጦር ግንባራችን መጣ። ዶክተር መላኩ በያን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ዳግመኛ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ጋዜጣም አሳተሙ። በ1940፣ ነጻነታችንን ሳያዩ፣ በዚያው በባዕድ አገር ዐረፉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። አገራችን በወራሪ እጅ በነበረችባቸው በእነዚያ ዓመታት ከታሪካችን ገጾች አንዱ የተጻፈው በሌላ ሕዝብ ጋዜጣ ላይ ነው። የእኛ መዛግብት ሲቃጠሉና ሲዘረፉ በሐርለም የታተመው ወረቀት ተርፏል። ወረቀት ግን በራሱ አይተርፍም። ያን ጋዜጣ ሲጠቀለልበት ከማየት ይልቅ ነገ የሚጠይቅ ይመጣል ብሎ የሚያኖር ሰው ይፈልጋል። ላቲመር ከመቀሷ ጋር በጠረጴዛዋ የተቀመጠችው በእነዚያው ዓመታት ነበር።

በአገራችንም ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በየደብሩና በየገዳሙ ገበዙና ዕቃ ቤቱ መጻሕፍትን ከእሳት፣ ከዝናብና ከምስጥ ጠብቀው ለዛሬ አድርሰውልናል። ከጠላት መባረር በኋላ በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ሲቋቋም፣ በኋላም በየከተማውና በየቀበሌው የንባብ ክፍሎች ሲከፈቱ፣ ከየጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል። ደመወዙ ጥቂት ነው፤ ሹመቱም ከሹመት አይቆጠርም። የተቀመጠበትን ወንበር እንደ ግዞት የሚያይ ሠራተኛ መኖሩንም አልክድም፤ ቁልፉን ይዞ መጽሐፉን የሚያስርብ አጋጥሞኛል። ነገር ግን አንድ ልጅ የጠየቀውን መጽሐፍ በመዝገብ ጀርባ የሚጽፍ ሰውም አለ። የአንድ ሰፈር ልጆች ዕጣ የሚለየው ከሁለቱ የትኛው እንደ ደረሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያቺ የቀበሌያችን የንባብ ክፍል ዛሬ የለችም። ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሰፈሩ ሄጄ የጋሼን ስም የሚያውቅ ፈልጌ ነበር። አንዲት እናት «እኒያ ባለ ካፖርቱ?» አሉኝና ብዙ አሰቡ። ስማቸውን ግን ማስታወስ አልቻሉም። «እኔንም ፊደል ያስቈጠሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ማታ ማታ፣ መሠረተ ትምህርት ጊዜ» ብለው ዝም አሉ። የመዝገቡም ነገር ምን እንደ ደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም። የእኔና የእኩዮቼ ስም በእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ የሰፈረበት ያ መዝገብ ምናልባት ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናል።

በብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የሚያኖረው የቆየ ምርቃት አለ፤ መጽሐፉን ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ቃሉን ለሰማው ሁሉ ምሕረትን ይለምናል። በልጅነቴ ይህን ስሰማ የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው እንደ ቀረ አውቃለሁ። እኔም ይህችን አጭር ጽሑፍ ስፈጽም፣ አባቶች ካሉት ላይ አንዲት ቃል ልጨምር፦ ላቆየውም።